እየወደቁ መውጣት

ከሐረር ተነስቶ የባቢሌን ድንጋዮች ያለፈ መኪና ካራማራን ተሻግሮ ወደ ጅግጅጋ ሜዳ ሲወርድ፣ ሰዓቱ ረፋድ አራት ገደማ ከሆነ፣ መስኮት ይዞ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ቀና ቢያደርግ አይቆጨውም። ተራራው ያልቃል፣ ሜዳው ይዘረጋል፣ ከሜዳው በላይ ደግሞ አሞራዎች ይዞራሉ፤ አንዳንድ ቀን አምስት፣ አንዳንድ ቀን ሠላሳ። ጅግጅጋ ባዮሎጂ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከተሳፋሪው መካከል ሁልጊዜ አንድ ሰው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «እዚያ ጋ የሞተ ነገር አለ» ማለቱን ነው። ሌላው ይቀበለዋል፤ «ሹፌር፣ ቀስ በል፤ ከፊት አደጋ ሳይኖር አይቀርም።» አንዷ እናት ያማትባሉ፣ ሌላዋ «ቢስሚላህ» ይላሉ።

ከዚያ ክብ ሥር የሞተ ነገር እምብዛም አይኖርም። አሞራዎቹ የሚዞሩት ከፍታ ሊሰበስቡ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ አስረድቼ ባልፍ ይበቃኛል፤ ስለ ግመሉም፣ ስለ እፉኝቷም፣ ስለ ጉማሬውም የማነሳው በዚሁ ሰበብ ነው።

መንሳፈፍ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ክንፍን ሳይመቱ፣ ዘርግቶ ብቻ መሄድ ነው። ክንፉን የሚመታ ወፍ አየሩን ይቀዝፋል። አማርኛችን ለጀልባና ለክንፍ አንድ ግስ መስጠቱን እወደዋለሁ፤ ሥራው በእርግጥም አንድ ነውና። የሚንሳፈፈው ግን መቅዘፊያውን አኑሮታል። ታዲያ በምን ይሄዳል? ተማሪዎቼን ስጠይቅ መልሳቸው በየዓመቱ «ንፋሱ ይዞት ይሄዳላ!» ነበር።

ንፋስ ይዞት የሚሄደው አንበጣ ነው። የ2012ቱ መንጋ በሶማሌ ክልል ላይ ሲያልፍ ያየ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አይቷል። አንበጣ ያለ ዕረፍት ክንፉን እየመታ፣ ንፋሱ ወደሚሄድበት አብሮ ይሄዳል፤ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ አቅጣጫውን ግን የሚቆርጥለት ንፋሱ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን መንጋው መስታወቱን ሸፍኖበት ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። የሚዞረው አሞራ፣ ጥንብ አንሳ፣ እንደዚያ አይደለም። ንፋስ ጨርሶ በሌለበት፣ የሣር ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን ይንሳፈፋል። ንፋስ ባለ ቀን ደግሞ ንፋሱን ሰንጥቆ ወደፈለገበት ይሄዳል።

የሚያስኬደው መውደቁ ነው። ክንፉን የዘረጋ ወፍ በእያንዳንዷ ቅጽበት እየወደቀ ነው፤ ክንፉ የሚሠራው ውድቀቱን ወደፊት ማዘንበል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የካራማራን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጉዞውም ያልቃል። የወፍ ጥበብ የሚለካው ከአንድ ሜትር ውድቀት ስንት ሜትር ጉዞ ማውጣት እንደሚችል ነው። ይህን በጥንብ አንሳ ላይ የለካው ኮሊን ፔኒኩዊክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የእንስሳት ተመራማሪም አብራሪም ስለነበር፣ በ1960ዎቹ በሴሬንጌቲ ሰማይ ላይ ሞተሩ ሊጠፋ በሚችል ትንሽ ተንሳፋፊ አውሮፕላን ከጥንብ አንሳዎች ጋር አብሮ ይዞር ነበር። ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ በአንድ ሜትር ውድቀት ወደ 15 ሜትር ያህል ወደፊት እንደሚሄድ ያረጋገጠው እሱ ነው። ለውድድር የሚሠሩት የዛሬዎቹ ተንሳፋፊ አውሮፕላኖች ከአርባ በላይ ያወጣሉ፤ እነሱ ግን ከበድን አጠገብ አርፈው፣ በልተው፣ መልሰው አይነሱም።

እንግዲህ ሁልጊዜ የሚወድቅ ወፍ እንዴት ወደላይ ይወጣል? የጅግጅጋ ሜዳ መልስ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐዩ ደግሞ ግልጥ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሜዳውን ስታገኘው ሁሉም ቦታ እኩል አይሞቅም። የታረሰ ጥቁር አፈር ከነጣው ሣር ቀድሞ ይሞቃል፤ አስፋልቱና የከተማው ቆርቆሮም እንዲሁ። በሞቀው መሬት ላይ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ተገንጥሎ ይነሳል፤ የአየር ምሰሶ ይሆናል። ዓይን አያየውም። አንዳንዴ ግን ሜዳው ላይ አቧራና ፌስታል እያሽከረከረ የሚነሳውን አውሎ ነፋስ፣ ልጆች ጂኒ ነው ብለው የሚሸሹትን፣ አይታችሁ ይሆናል። እሱ የዚያ ምሰሶ እግር ነው። ቀና ብትሉ ከእሱ በላይ አሞራ ልታዩ ትችላላችሁ።

ጥንብ አንሳ ምሰሶው ውስጥ ሲገባ መውደቁን አያቆምም። በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ይወድቃል፤ ነገር ግን የሚወድቅበት አየር በሴኮንድ ሦስት ሜትር እየወጣ ከሆነ፣ ወፉ ሁለት ሜትር ያተርፋል። ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳው በአውቶቡስ ነበር። ወደ ሐረር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ወንበር ተነስቶ ወደ ኋላ ወንበር የሚራመድ ሰው፣ እየተራመደ ያለው ወደ ጅግጅጋ ነው፤ የሚደርሰው ግን ሐረር ነው። ወፉም እንዲሁ ወደ መሬት እየተራመደ ሰማይ ይደርሳል። በሴኮንድ ሁለት ሜትር ካተረፈ በስምንት ደቂቃ ተኩል ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ወጥቷል፤ ክንፉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመታ።

የሚዞረውም ለዚሁ ነው። ምሰሶው ጠባብ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከሄደ ወዲያው ከውስጡ ይወጣና ወደሚወርደው አየር ይገባል። ስለዚህ ክንፉን አዘንብሎ እዚያው ይሽከረከራል፤ ሌሎች አሞራዎችም ምሰሶውን ያገኘላቸውን አይተው ይመጣሉ። ከመንገድ ዳር «የሞት ክብ» የሚመስለን ይህ ነው። ከአናቱ ሲደርሱ አንድ በአንድ ክቡን ትተው፣ ቀጥ ብለው፣ ክንፋቸውን በጥቂቱ ሰብሰብ አድርገው ወደ ቀጣዩ ምሰሶ ይወርዳሉ። ከጅግጅጋ ደገሃቡር በአሞራ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየምሰሶው አንድ ሺህ ሜትር እየወጣ፣ ከእያንዳንዱ ሺህ ሜትር 15 ኪሎ ሜትር የሚያወጣ ወፍ አሥር ምሰሶ ካገኘ ደርሷል። እርግጥ ጥንብ አንሳ መሬት እስኪነካ አይጠብቅም፤ ከፍታውን ሳይጨርስ ሌላ ምሰሶ ይይዛል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ነገሩ ግን ያው ነው። እኛ በመኪና ለሰዓታት የምንለፋበትን፣ እሱ ከፀሐይ ተበድሮ ይጨርሰዋል።

በጠዋት ጥንብ አንሳ ግራር ላይ ተኮራምቶ ያየ ሰው ሰነፍ ነው ይላል። ሰነፍ አይደለም፤ መሬቱ እስኪሞቅ እየጠበቀ ነው። ቀለል ያሉት፣ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝኑት የግብፅ ጥንብ አንሳና በየቄራው የምናየው ቡናማው ትንሹ፣ በደካማ ምሰሶ ስለሚነሱ ቀድመው ይወጣሉ። ሰባትና ስምንት ኪሎ የሚመዝነው የሩፔል ጥንብ አንሳ ዘግይቶ ይነሳል።

ስለ ክንፉም ጥቂት ልበል። ከሥር ስታዩት የክንፉ ጫፍ ላባዎች እንደ እጅ ጣቶች ተለያይተው ይታያሉ። ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው አልባትሮስ ክንፉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ባሕር ላይ የሚያደናቅፍ ዛፍ የለም። የሜዳ ወፍ ግን ጠባብ ምሰሶ ውስጥ ቀስ ብሎ መዞር፣ ከመሬትም መነሳት ስላለበት ክንፉ ሰፊና አጠር ያለ ነው፤ አጭር ክንፍ ደግሞ በጫፉ ላይ አየሩን ያሽከረክርና ወፉን ወደኋላ ይጎትተዋል። የተለያዩት ጣቶች ያንን ጉተታ ይቀንሱለታል። ክንፉን ዘርግቶ መያዙ ራሱ ጉልበት ይፈጃል ብላችሁ ካሰባችሁ ልክ ናችሁ፤ ግን የሚፈጀው ጥቂት ነው። በደቡብ አሜሪካ ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ የአንዲስ አሞራ ላይ መቅጃ መሣሪያ አስረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2012 ዓ.ም. እንዳሳወቁት፣ ወፉ በአየር ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ክንፉን የሚመታው አንድ በመቶውን ብቻ ነው፤ አንዱ ከአምስት ሰዓት በላይ አንዴም ሳይቀዝፍ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ኮንዶር ከሚበሩት አእዋፍ እጅግ ከባዶቹ አንዱ ነው፤ አሥራ አምስት ኪሎ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውቄ ነበር ወደ ጉናጋዶ የሄድኩት። ጉናጋዶ በጀረር ዞን፣ ከደገሃቡር ወገን ነው፤ ሜዳውና ግራሩ ከጅግጅጋ ይልቅ ደረቅ፣ ሰማዩ ደግሞ ይበልጥ ሰፊ የሆነበት አገር። አንዱ ተማሪዬ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። በደረስን ማግስት አያቱ ነፍሰ ጡር ግመል ጠፍታባቸው ሊፈልጉ ሲወጡ አብረን ወጣን። ልጁ መሐላችን ያስተረጉማል፤ እሳቸው እኔን «መዓሊን»፣ መምህር፣ ይሉኛል፣ እኔም እንደ አገሩ «አዴር»፣ አጎት፣ እላቸዋለሁ። ሩቅ በምሥራቅ በኩል አሥር የሚሆኑ አሞራዎች ሲዞሩ አየሁና፣ የማስተምረውን ሁሉ ረስቼ፣ «አዴር፣ እዚያ ብናይስ?» አልኩ። ከካራማራ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች በምንም አልተሻልኩም ነበር።

ሽማግሌው ዘወር ብለው አላዩም። ጥቂት ተራመዱና አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ተረጎመው፤ «መምህር፣ እነዚያ መንገደኞች ናቸው ይላሉ። ሲዞሩ አይመልከቷቸው፤ እግራቸውን ሲያወርዱ ነው የሚያዩአቸው።»

እግራቸውን ሲያወርዱ! የተማርኩት ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። ጥንብ አንሳ በድን ሲያይ አይዞርም። ክንፉን ሰብስቦ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። የተንጠለጠለው እግር ፍሬን ነው፤ አየሩን ይገታል፣ ቁልቁለቱን ያቀናል። ከሥር የቆመ እረኛ ያንን ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይለየዋል። አሞራዎቹም ይለዩታል። ሰማዩ ላይ ተራርቀው የሚዞሩት ጥንብ አንሳዎች ግማሽ ዓይናቸው መሬት ላይ፣ ግማሹ ጎረቤታቸው ላይ ነው። አንዱ እግሩን ሲያወርድ ጎረቤቱ ያየዋል፣ ይከተለዋል፤ የጎረቤቱ ጎረቤት ደግሞ ያንን ያየዋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባዶ በነበረው ሰማይ ሃምሳ አሞራ ይወርዳል። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ሸቶት ነው» ይላሉ። አልሸተተውም። የእኛ አህጉር ጥንብ አንሳዎች በድን የሚያገኙት በዓይን ነው። የሚያሸትተው ዝርያ በአሜሪካ አለ፤ የእኛዎቹ ግን በቁጥቋጦ የተሸፈነ ሥጋ አጠገቡ ቢያልፉም አያገኙትም።

ግመሏ በማግስቱ ተገኘች፤ በሕይወት፣ ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ። አሞራዎቹ ወደዞሩበት ምሥራቅ ሳይሆን በተቃራኒው በኩል ነበረች።

ስህተቱ ከቋንቋችንም የመጣ ይመስለኛል። ማንዣበብ ብለን ስንጽፍ ምን እንደምናስከትል ተመልከቱ፤ ሞት አንዣበበ፣ ረሃብ አንዣበበ፣ ጦርነት አንዣቧል። የዜና ጸሐፊ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው ማለት ሲፈልግ ከዚህ ግስ ሌላ ያለው አይመስልም። ግሱ ከአሞራው ላይ ተነስቶ አሞራውን መልሶ ከሰሰው። በዚህ ቃል የምትጽፉ ባልደረቦቼ አንድ ረፋድ ካራማራ ላይ ቆማችሁ ክቡን ከሥሩ እስከ አናቱ እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ። ስሙም ቢሆን ያነጋግራል። «ጥንብ አንሳ» ሲባል ብዙ ሰው ጥንቡን በጥፍሩ አንስቶ የሚሄድ ወፍ ይመስለዋል። ጫጩት ይዞ የሚሄደው ጭልፊት ነው። የጥንብ አንሳ እግር ለመራመድ የተሠራ ነው፣ ከዶሮ እግር አይለይም ማለት ይቻላል፤ የመያዝ ኃይል የለውም፤ ለልጁ የሚወስደውን በጉሮሮው ሥር ባለው ከረጢት ይዞ ነው። እኔ ስሙን የምሰማው ገበታ ይነሳል በምንልበት ትርጉም ነው፤ አባ ሰንጋ የገደለውን ከብት ሳይቀር በልቶ ሜዳውን የሚያጸዳ ወፍ ነውና፣ የሆዱ አሲድ ያን ያህል ብርቱ ነው።

በሙቀት የሚወጣ ወፍ ድክመቱም ያው ሙቀት ነው። ባሕር እንደ መሬት ቶሎ አይሞቅም፤ ባሕር ላይ ምሰሶ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከአውሮፓና ከእስያ በበልግና በመኸር የሚመላለሱ ከባድ ተንሳፋፊዎች ሁሉ የባሕሩን ጠባብ ቦታ ይፈልጋሉ። አንዱ ጠባብ ቦታ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ባብ ኤል መንደብ ነው፤ የመንና ጅቡቲ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀራረቡበት። በ1980 ዓ.ም. መኸር ላይ ጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 250,000 የሚጠጉ አዳኝ አእዋፍ ሲሻገሩ ቆጥረዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ከ76,000 በላዩ የሩሲያና የካዛክስታን ሜዳ ንስሮች ነበሩ። ተሻግረው ወደ እኛ ሰማይ ከሚገቡት መካከል ፊቱ ቢጫ፣ ላባው ነጭ የሆነው የግብፅ ጥንብ አንሳ አለ። ከቱርክና ከቡልጋሪያ መከታተያ የተገጠመላቸው ኢትዮጵያ ገብተው ከርመዋል።

ከባልካን የሚነሱት ወጣቶች ነገር ግን ልቤን ይሰብረዋል። አዋቂው ወፍ በቱርክና በሶርያ ዞሮ የብሱን ይዞ መምጣት ያውቃል። ወጣቱ የሚከተለው አዋቂ ካጣ፣ በደመ ነፍሱ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ ሜዲትራኒያን ላይ ይወጣል፤ ምሰሶ አያገኝም፣ መቅዘፍ ይጀምራል፣ ይደክማል፣ ይሰምጣል። መከታተያ የተገጠመላቸው ብዙዎቹ መልእክታቸው የቆመው ባሕር ላይ ነው። አዋቂዎቹ በቀነሱ ቁጥር መንገድ የሚያሳይ ይጠፋል፤ የሚሰምጠው ይበዛል።

ከፍታውንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኅዳር 20 ቀን 1966 ዓ.ም. አቢጃን ሰማይ ላይ፣ በ11,300 ሜትር፣ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሞተር ወፍ አስገባ። አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር በሰላም አረፈ፤ ከሞተሩ የተለቀሙት ላባዎች ሲመረመሩ የሩፔል ጥንብ አንሳ ሆነው ተገኙ። ከራስ ዳሽን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ የተመዘገበ ወፍ የለም። ደሙ በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ ኦክስጅን መያዝ የሚችል ነው። ስሙን ያገኘው በ1820ዎቹ በምጽዋ ገብቶ ጎንደር ከደረሰው ጀርመናዊ ተጓዥ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። አውሮፕላንና ወፍ ሲነሳ ሰው ሁሉ አሞራን ይወነጅላል፤ በመስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ 35 ሰው ያለቀበትን አደጋ ያደረሱት ግን ክንፋቸውን የሚመቱ እርግቦች ናቸው።

ወደ መሬት ልውረድ። በየብስ ላይ መንሳፈፍ የሚመስል አካሄድ ያለው ግመል ነው። ሶማሌው ጌል ይለዋል፤ ሲሄድ ያዩት ሰዎች ግን የሚገርማቸውን ለይተው አይናገሩም። ፈረስ ሶምሶማ ሲሮጥ የግራ የፊት እግሩን ከቀኝ የኋላ እግሩ ጋር ያነሳል፤ ጀርባው ይዘላል። ግመል ፈጠን ሲል የግራ ፊቱንና የግራ ኋላውን አብሮ፣ ቀጥሎ ቀኝና ቀኙን አብሮ ያነሳል። ረጃጅም እግሮቹ አይጋጩም፤ ጀርባው አይዘልም፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይወዛወዛል። እግሩ ሸሆና ሳይሆን ሰፊ፣ ለስላሳ መዳፍ ነው፤ ሲረግጥ ይዘረጋል፣ አሸዋ ውስጥ አይገባም፣ ድምፅም የለውም። ጉናጋዶ ሌሊት ላይ ሃያ ግመል ከጎኔ ሲያልፍ የሰማሁት የእንጨት ቃጭላቸውን ብቻ ነው። ያው መዳፍ የጅግጅጋ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲያገኘው ጠላቱ ነው። ጭቃው ላይ ሁለት እግሩ ወደየጎን ሸርተት ካለ ጭኑ ይሰነጠቃል፣ ዳግመኛም ላይነሳ ይችላል። ከዝናብ በኋላ ጭነት አሸክማችሁ በጭቃ የምትነዱ፣ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ጠብቁለት።

እንደ ተንሳፋፊው ወፍ ሳትወዛወዝ የምትሄድ እፉኝትም አለች፤ ወፍራሟ። ሌላው እባብ ተጠማዝዞ ሲሄድ እሷ አደን ላይ ስትሆን እንደ ገመድ ቀጥ ብላ ትንፏቀቃለች። የጎድን አጥንቷ ሳይነቃነቅ የሆዷ ቆዳ ብቻ ይነሳል፣ መሬት ይይዛል፣ ይስባል። የሚይዘው ሻካራ ነገር ካጣች፣ እንደ መስታወት ያለ ወለል ላይ ብትውል፣ መላ የላትም።

ውኃውን ለዋቢ ሸበሌ ሰዎች እተወዋለሁ። አዞ እግሮቹን ከጎኑ አጣብቆ በጅራቱ ብቻ እንደሚሄድ፣ ጉማሬ ደግሞ ዋናተኛ እንዳልሆነና በወንዙ ወለል ላይ እየረገጠ እንደሚሄድ ካወቃችሁ ለዛሬ ይበቃል።

ተመልሼ ወደ ጥንብ አንሳዬ ልሂድ፣ የምወቅሰውም አለኝና። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሩፔልን፣ ጀርባ ነጩን፣ የቄራውን ቡናማና ራሰ ነጩን ሊጠፉ በቋፍ ላይ ካሉ እንስሳት መዝገብ አስገብቷቸዋል። ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ፍየል የበላበትን ጅብ ለመግደል በድን ላይ መርዝ የሚነሰንስ ሰው፣ ጅቡን ላያገኘው ይችላል፤ ሰማዩ ላይ ጎረቤት ጎረቤትን እያየ የሚወርደውን መንጋ ግን ሙሉ በሙሉ ይጨርሰዋል። እርስ በርስ መተያየታቸው፣ ያ የሚያስደንቀኝ ነገር፣ መርዙ ዘንድ የሚሰበስባቸው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶም አለ። ክንፉ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ ወፍ አግድሙ ላይ አርፎ ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ ይነካል። ፖርት ሱዳን አካባቢ በ1940ዎቹ የተዘረጋ አንድ መስመር እስኪቀየር ድረስ ለስድሳ ዓመት የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ሲፈጅ ኖሯል። እኔም በአንድ የገጠር ምሰሶ ሥር አንዱን ሞቶ አግኝቻለሁ፤ ክንፉ ላይ የተቃጠለው ምልክት ከጣቴ አይበልጥም ነበር። ሽቦውን ወፉ ከሚቀመጥበት አግድም በታች ማንጠልጠል፣ ወይም ቅርብ ቅርቡን በፕላስቲክ መሸፈን ይበቃል።

ሹፌሮችንም ልናገር፤ በተለይ ከአወዳይ ጫት ይዛችሁ የምትከንፉትን። አስፋልት ላይ የሞተ አህያ የሚበላ ጥንብ አንሳ ጠግቦ ከባድ ሆኗል። እንደ እርግብ ከቆመበት አይነሳም፤ እንደ አውሮፕላን መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ የሚንደረደረውም ንፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ንፋሱ ከእናንተ በኩል ከሆነ ወፉ ወደ እናንተ ይሮጣል። «ደደብ፣ መኪና ላይ ይመጣል» የምትሉት ይህን ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ደገሃቡር ስንሄድ እንዲህ ያለ ቦታ ደረስን። ሹፌራችን ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ጥሩንባ ነፋ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ጥንብ አንሳዎቹ ሰባት ነበሩ። ንፋሱ ከኋላችን ስለነበር ሰባቱም ወደ መኪናችን እየሮጡ፣ ክንፋቸው አስፋልቱን እየመታ፣ በጣሪያችን ላይ አልፈው ተነሱ። ረዳቱና እኔ ወርደን አህያውን በእግሩ ይዘን ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ጎተትነው። ሽታው ልብሳችን ላይ ቀረ፤ ተሳፋሪዎቹ ግን አልተቆጡንም። አንዲት ልጅ «አሁን ይመለሳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እግራቸውን አውርደው እንደሆነ እይ» አልኳት። መኪናው ሲነሳ በኋላ መስታወት ዞራ ታይ ነበር፤ ትንሽ እንደሄድን «አወረዱ!» ብላ ጮኸች።